«የሰማዕታት ደም የቤተ ክርስቲያን ዘር ነው»፦ ማን አለው? ለማንስ?

በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። ሠላሳ ያህል ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ሊቢያ ውስጥ በአይሲስ እጅ የተገደሉ ሰሞን። ያን ጊዜ አንዲት አባባል ከየአቅጣጫው ትሰማ ነበር። ሰባኪው ይላታል፣ ፌስቡክ ላይ ትለጠፋለች፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ትነገራለች። «የሰማዕታት ደም የቤተ ክርስቲያን ዘር ነው።»

እኔም አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቆሜ ሰማኋት። ሰባኪው ሲላት ሕዝቡ እልል አለ። ከጎኔ የቆሙ አንዲት እናት ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ፣ «ዘሩን ማን ጠየቀ፣ ልጆቹን ነው እንጂ» አሉ። ለኔ አልነበረም። ለራሳቸው ነው ያሉት።

ያቺ ንግግር ከጆሮዬ አልጠፋችም። አባባሏ የተነገረችው እውነት ሐዘንተኛ ለማጽናናት ነው? ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። አይደለም።

መጀመሪያ የጻፋት ጠርጡልያኖስ የሚባል ሰው ነው። ፈረንጆቹ ተርቱሊያን ይሉታል። አገሩ ቅርጣግና ነው፣ ዛሬ ቱኒዝያ የምንለው ምድር ላይ ያለችው ካርቴጅ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 197 ገደማ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የጥንት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሰውየው በላቲን የሚጽፍ፣ ምላሱ እንደ ጠበቃ የሰላ፣ ነገር የማያልፍ ሰው ነበር። ለሮም መንግሥት ሹማምንት የመከላከያ መጽሐፍ ጻፈላቸው። መጽሐፉ 50 ምዕራፍ አለው። የእኛ አባባል ያለችው መጨረሻዋ ምዕራፍ ላይ ነው። ቃል በቃል ስትተረጎም ግን እንዲህ ናት፦ «ባጨዳችሁን ቁጥር እንበዛለን፤ የክርስቲያኖች ደም ዘር ነው።»

አያችሁ? «ሰማዕታት» አላለም። «ቤተ ክርስቲያን»ም የለችበትም። እነዚህን ሁለት ቃላት የጨመረባት የኋላ ዘመን አፍ ነው። በምትኩ እኛ የጣልናት አንዲት ቃል አለች፤ ማጨድ። ለኔ የአባባሏ ቅመም እሷ ናት። ሹማምንቱን ገበሬ አደረጋቸው። ማጭዱን ይዛችሁ የመጣችሁት ልታጠፉን ነበር፣ እጃችሁ ግን የሚሠራው የዘሪ ሥራ ነው እያላቸው ነው። ስለዚህ በእኛ አነጋገር ይቺ ሙሾ ሳትሆን ፉከራ ናት።

ሰውየው እንዲህ ሲያላግጥ የመጀመሪያው አይደለም። እዚያው መጽሐፍ 40ኛው ምዕራፍ ላይ የሮምን ሕዝብ ያሾፍበታል። ጢቤር ወንዝ ሞልቶ ግንቡ ላይ ቢወጣ፣ ዓባይ ጎድሎ እርሻው ላይ ባይወጣ፣ ዝናብ ቢቀር፣ ምድር ብትንቀጠቀጥ፣ ረሃብ ቢሆን፣ ወረርሽኝ ቢሆን፣ ወዲያው «ክርስቲያኖቹን ለአንበሳ!» ይባላል ይላል። ከዚያ ይጠይቃል፦ «ይህን ሁሉ ሰው ለአንድ አንበሳ?» የዓባይ ነገር ሲነሳ እኛም አለንበት። ደጋው ላይ ክረምቱ ሲሰንፍ ግብጽ ላይ ወንዙ ይጎድላል፤ ዕዳውን ደግሞ ስለ ዝናብ ምንም የማያውቅ ክርስቲያን በአንበሳ ጥርስ ይከፍላል።

ዘሩ እንዴት ነው የሚበቅለው? ይህንንም ነግሮናል። ሰው ሲገደል የሚያይ ሰው «ምን ቢያገኙበት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የጠየቀ ይጠጋል። የተጠጋ ይገባበታል። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። የሚያጠምቀው የተመልካቹ ጥያቄ ነው።

ለዚህ ከሐዋርያት ታሪክ የሚመች አንድ ምስክር አለ። ከአሥራ ሁለቱ አሟሟቱ በሐዲስ ኪዳን የተጻፈለት የጌታ ሐዋርያ የዘብዴዎስ ልጅ ያዕቆብ ብቻ ነው። (የይሁዳን ነገር ትተን።) የሐዋርያት ሥራ 12 ላይ፣ ሄሮድስ አግሪጳ በሰይፍ አስገደለው፤ ያለቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዘመኑ 44 ገደማ ነው። የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ግን ከአባቶች የሰማውን ይጨምርበታል፤ ይህን ያቆየልን የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ነው። ያዕቆብን ከሶ ለፍርድ ያቀረበው ሰው፣ ያዕቆብ ሲመሰክር አይቶ ልቡ ተነካ። «እኔም ክርስቲያን ነኝ» አለ። ሁለቱንም ለመግደል ወሰዷቸው። መንገድ ላይ ከሳሹ «ይቅር በለኝ» አለው። ያዕቆብ ጥቂት አሰበ። ከዚያ «ሰላም ለአንተ ይሁን» ብሎ ሳመው። አብረው አንገታቸው ተቆረጠ።

ያቺ «ጥቂት አሰበ» የምትለዋ ናት እኔን የምትይዘኝ። ለትምህርት የተፈጠረ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይስመው ነበር።

ጴጥሮስና ጳውሎስ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይሰፋል። ወደ 96 አካባቢ ከሮም ወደ ቆሮንቶስ የተላከች የቀሌምንጦስ ዘሮም ደብዳቤ ሁለቱንም ታነሳለች። ጴጥሮስ ብዙ መከራ ተቀብሎ፣ መስክሮ፣ ወደሚገባው ክብር ሄደ ትላለች። ስለ ስቅላት አታወራም፣ ቁልቁል ስለመሰቀሉም አታወራም። በ200 አካባቢ ደግሞ ጋይዮስ የሚባል የሮም ሰው ከአንድ ተከራካሪ ጋር ሲሟገት፣ ወደ ቫቲካን ወይም ወደ ኦስትያ መንገድ ብትሄድ የሐዋርያትን የድል ምልክት አሳይሃለሁ ይለዋል። ቫቲካን ያኔ የጳጳስ መንበር አልነበረችም፤ ኮረብታና መቃብር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ሥር ሲቆፈር በ160 ገደማ የተሠራ ትንሽ መታሰቢያ ተገኘ። ብዙ ተመራማሪዎች ጋይዮስ ያለው ይህንኑ ነው ይላሉ።

ጠርጡልያኖስ ራሱም ስለ ሐዋርያት ጽፏል። ሮምን እንዲህ ያመሰግናታል፤ ጴጥሮስ እንደ ጌታው የተሰቀለባት፣ ጳውሎስ እንደ መጥምቁ ዮሐንስ አንገቱ የተቆረጠባት፣ ሐዋርያው ዮሐንስ የፈላ ዘይት ውስጥ ተጨምሮ ምንም ሳይሆን የወጣባት። ቁልቁል የሚለውን እሱ አያነሳውም። ያ ከእስክንድርያው መምህር ከኦሪገንና «የጴጥሮስ ሥራ» ከሚባለው የ2ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ የመጣ ነው። በእኛ ዘንድ ምክንያቱ የታወቀ ነው፣ «እንደ ጌታዬ ልሰቀል አይገባኝም» ማለቱ። በጥንቱ ጽሑፍ ግን ጴጥሮስ ተዘቅዝቆ ሳለ ረጅም ትምህርት ያስተምራል፤ የመጀመሪያው ሰው በራሱ ተዘቅዝቆ እንደወደቀና ዓለምን ገልብጦ ማየት እንደጀመረ ያስረዳል። እዚያው ጽሑፍ ላይ ነው ጴጥሮስ ከሮም ሲሸሽ ጌታን መንገድ ላይ አግኝቶ «ጌታ ሆይ፣ ወዴት ትሄዳለህ?» ያለው። «ልሰቀል ወደ ሮም» አለው። ጴጥሮስ ዞሮ ተመለሰ።

ጳውሎስ ለምን አልተሰቀለም? የሮም ዜጋ ስለነበር ነው፤ ለዜጋ ሰይፍ ነው ወጉ። ስንክሳራችን ሐምሌ 5 ላይ የሚያነበው ታሪክ ደግሞ እንዲህ ነው። ሊገደል ሲወሰድ የሮሙ ንጉሥ የኔሮን ዘመድ የሆነች አንዲት ብላቴና አገኘችው። መጎናጸፊያዋን ለመናት፤ ሰጠችው። ፊቱን ሸፈነበትና አንገቱን ሰጠ። ሰያፊው ሲመለስ፣ «ያ ሰው የት አለ?» ብትለው፣ «ወድቋል፣ ፊቱም በመጎናጸፊያሽ ተሸፍኗል» አላት። እሷ ግን ሁለቱም ሐዋርያት በብርሃን ልብስ ሆነው እንደመጡና ጨርቋን እንደመለሱላት ነገረችው። የሰው ዕቃ ሳይመልስ አልሄደም።

የቀሩት ሐዋርያት ነገር ይለያያል፤ እዚህ ላይ ሰው ሊደነግጥ አይገባም። ምዕራባውያን ሥዕል ላይ ቆዳው የተገፈፈው በርተሎሜዎስ ነው። በእኛ መጻሕፍት ቆዳው የተገፈፈው ቶማስ ነው፤ በርተሎሜዎስን አሸዋ በሞላ ከረጢት ከተው ባሕር ጣሉት ይላሉ፣ መታሰቢያውም መስከረም 1 ነው። ሕንዶች ደግሞ ቶማስ በጦር ተወጋ ይላሉ፤ የተወጋበትን ኮረብታ ቼናይ ከተማ ላይ ያሳያሉ። ዮሐንስ አልተገደለም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 4 መሰወሩን ታስባለች። ማቴዎስን የ5ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ ሶቅራጥስ ዕጣው ኢትዮጵያ ደረሰችው ይለናል፤ የዚያ ዘመን ሰው «ኢትዮጵያ» ሲል ኑብያንም ሊያካትት እንደሚችል ግን አትርሱ። ጭራሽ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሄራቅልዮን የሚባል የግኖስቲኮች (የሚያድነው ስውር ዕውቀት ነው የሚሉ ወገኖች) መምህር ማቴዎስ፣ ፊልጶስና ቶማስ ደማቸው ሳይፈስ ነው የሞቱት ብሎ ጽፏል።

ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? የኔ ግምት ዘር ከሚለው ቃል አይርቅም። ዘር መሬት ይፈልጋል። ሕንድም፣ አርመንም፣ ሮምም፣ እያንዳንዱ «የእኔ አፈር ላይ ወድቋል» ማለት ይፈልጋል። አማርኛችን ይህን ከላቲኑም በላይ ያጎላዋል። ዘር ስንል የሚበተነው እህል ነው፣ ደግሞም ትውልድ ነው፣ «የማን ዘር ነህ?» እንደምንለው። አባባሏን የሚሰማ አማርኛ ተናጋሪ ሁለቱንም ነው የሚሰማው፤ ከዚያ ደም የበቀልን ነን፣ የዚያ ደም ልጆች ነን።

ቋንቋችን የዚችን አባባል ተቃራኒም አዘጋጅቶ ይዟል። «ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» እንላለን፤ ጠያቂ ያጣ፣ እንደ ውሻ ደም ፈስሶ የቀረ ማለት ነው። በአገራችን ወግ ደም ሁለት መንገድ ነበረው፤ ወይ ደም መላሽ ይነሳለታል፣ ወይ ደመ ከልብ ይሆናል። ይቺ አባባል ሦስተኛ መንገድ ነው ያመጣችው። አትበቀልም፣ ደሙ ግን ደመ ከልብ አይሆንም። በሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ላይ በጥይት የገደላቸው አቡነ ጴጥሮስ ስማቸው ሲነሳ ይቺ አባባል የምትከተለው ለዚህ ይመስለኛል።

«ሰማዕት» የሚለውም ቃል ራሱ ሟች ማለት አይደለም። ከግእዙ ሰምዐ ነው የመጣው፤ ስምዕ ምስክርነት ነው፣ ሰማዕት ምስክር ነው። ግሪኩም ያው ነው። ሰሚው ነው መስካሪ የሆነው። ሊቢያ ላይ ከተገደሉት ውስጥ የአዲስ አበባው ሰፈር የጨርቆስ ልጆች ነበሩበት። ጨርቆስ ስሙን ያገኘው ከሕፃኑ ሰማዕት ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰፈሩ ያን ሰሞን በስሙ ተጠራ።

አሁን አንድ የማይመች ነገር ላንሳ። ጠርጡልያኖስ ከቅዱሳን አይቆጠርም። በኋላ ሞንታናውያን ወደሚባሉት ሄደ፤ ነቢያችን አዲስ ራእይ አይቷል፣ እናንተ ለስላሶች ናችሁ የሚሉ ነበሩ። አገሩ ደግሞ ደም አላነሳትም። በ180 አሥራ ሁለት ክርስቲያኖች ቅርጣግና ላይ ተፈረደባቸው። በ203 የምታጠባ ልጅ የነበራት ወጣቷ ጰርጴቱዋና ባሪያ የነበረችው ፌሊቺታስ እዚያው ተገደሉ። ሆኖም በ1053 የሮሙ ጳጳስ ልዮን 9ኛ፣ በዚያ ሁሉ ሰሜን አፍሪካ አምስት ጳጳሳት እንኳ በጭንቅ ቀሩ ብሎ ያዝናል። ዘሩን የጻፈው ሰው ማሳ ጠፍ ሆነ። ግብጽ ላይ ያ አልሆነም፤ ኮፕቶች ዛሬም ዘመናቸውን ክርስቲያኖችን ካሳደደው ከሮሙ ንጉሥ ከዲዮቅልጥያኖስ መንገሥ፣ ከ284 ጀምረው «ዓመተ ሰማዕታት» እያሉ ይቆጥራሉ። እንግዲህ አባባሏ እንደ ሒሳብ ቀመር አትሠራም። ስለዚህ ለቅሶ ቤት ገብቶ «አይዟችሁ፣ ዘር ነው» ለሚል ሰው የእኒያን እናት መልስ ማስታወስ ደግ ነው። ጠርጡልያኖስ ይቺን የተናገረው ማጭድ ለያዙት ነው። ለሟች እናት አልተናገራትም።

የጴጥሮስና የጳውሎስ በዓል ሐምሌ 5 ነው፤ የሐዋርያት ጾም፣ የሰኔው ጾም፣ የሚፈታው ያን ዕለት ነው። ሮማውያን ጁን 29 የሚሉት በአሮጌው የዩልያን አቆጣጠር ከዚሁ ቀን ጋር ይገጥማል። የኛ ደጋ ደግሞ ያኔ ጤፍ ይዘራል። አያቴ ጾሙን ፈትቶ፣ በማግስቱ ከብቶቹን እርጥቡ መሬት ላይ ይነዳቸዋል፣ አፈሩን እንዲረግጡለት። ከዚያ በባዶ እግሩ ጭቃው ውስጥ ይገባና ከቁና እየዘገነ ይበትናል። ጤፍ ሲበተን የት እንደወደቀ አይታይም። ልጅ ሆኜ ጎንበስ ብዬ እፈልጋት ነበር፣ አንዷን ፍሬ። «ተዋት፣ ትረግጣታለህ» ይለኝ ነበር።