ሐረና፦ ከሳነቴ ግርጌ ያለው ጫካ

ባሌ ውስጥ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄድ ሰው ጠዋት ጋቢ ደርቦ ይነሳና ከሰዓት በኋላ በሸሚዝ ይደርሳል። መንገዱ መጀመሪያ ሳነቴ አምባ ላይ ይወጣል። እዚህ ከፍታው ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ከጅብራና ከነፋስ በቀር ብዙም የሚታይ የለም፣ ዕድለኛ ከሆኑ ቀይ ቀበሮ። ከዚያ አምባው በደቡብ በኩል ድንገት ያልቅና ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ ሐረና ማለት ይሄ ነው።

ጫካው እንደ ከፍታው መልኩን ይቀያይራል። ላይ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ፣ ቀጥሎ የዛፍ ሽበት የሚንጠለጠልበት ኮሶ፣ ከዚያ ቀርከሃ፣ ዝቅ ሲል እንደ ዝግባ ያሉ ግዙፍ ዛፎች። ከ1800 ሜትር ገደማ በታች ደግሞ ማንም ያልተከለው ቡና አለ።

የላይኛው ክፍል በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግን ሐረና ባዶ መሬት አይደለም፤ ሰው ይኖርበታል፣ ከብት ይግጥበታል፣ ቀፎ ይሰቀልበታል።

የጫካ ቡና ሲባል ባለቤት የሌለው የሚመስለው አለ። አለው እንጂ! እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ድርሻ ያውቃል፣ ጎረቤቱም ያውቅለታል። ለቀማው ሳይደርስ ከቡናው ስር ያለው ቁጥቋጦ ይመነጠራል፤ ችግሩ እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ገጀራው ቁጥቋጦውን ከዛፍ ችግኝ አይለይም፣ ትልልቆቹ ዛፎች ለጥላ ሲባል ይተዋሉ፣ ነገ የሚተኳቸው ግን እግር በእግር ይቆረጣሉ። ከሩቅ ያየው ሰው ጫካው ደህና ነው ብሎ ያልፋል።

ከብቱን በተመለከተ ጎደንቱ የሚባል የቆየ ልማድ አለ። በወቅቱ እየተዘዋወሩ ማሰማራት ነው፤ ቆላው ሲደርቅ መንጋው ወደ ጫካው ጥላና ውሃ ይወጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል። አሁን ግን መጥቶ የሚቀረው በዝቷል፤ ጎጆ ይቀልሳል፣ ትንሽ እርሻም ይጀምራል።

ወደ ላይ ደግሞ እሳት አለ። እረኞች አስታውን የሚያቃጥሉት ለከብት ለጋ ግጦሽ እንዲወጣ ነው፣ ጅብና ነብርም መሸሸጊያ እንዲያጣ። አብዛኛውን ጊዜ በቁጥጥር ስር ይውላል። በ1992 ዓ.ም. የበጋው ድርቅ ሲበረታ ግን እሳቱ ከእጅ ወጥቶ ወደ ታች ወደ ጫካው ገባ፤ ለማጥፋት ከሀገር ውስጥም ከውጭም ሰው ተረባርቦበታል።