ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ምንድን ነው? ጠቋሚ ማብዛት አይደለም

ሰሞኑን በሬዲዮ አንድ ተናጋሪ «ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ማለት ሕዝቡ የፖሊስ ዓይንና ጆሮ ሲሆን ነው» ሲሉ ሰማሁ። ይህች አባባል በየስብሰባው አለች፤ በየባነሩም ትጻፋለች። የአሁኑ ግን በዛብኝ።

ዓይንና ጆሮ ያቀብላሉ እንጂ አይወስኑም። ሕዝቡን ዓይን ስናደርገው ውሳኔውን ሁሉ ለፖሊስ ሰጠነው ማለት ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ (ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ) ግን ሌላ ነገር ነው። የትኛው ችግር ይቅደም፣ በምን ይፈታ የሚለውን ነዋሪውና ፖሊሱ አብረው ይወስናሉ። ከዚያ ነዋሪው ፖሊሱን «የተባባልነው የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። መረጃ መስጠት በኋላ የሚመጣ ነው።

የመንዝ ሰው ይህን ከጓሳ፣ በሰሜን ሸዋ ካለው የጋራ የሣር መሬቱ፣ ያውቀዋል። ጓሳ በነባሩ የቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም ባለ ድርሻዎቹ አለቃ መርጠው በጋራ ደንብ በሚጠብቁበት ሥርዓት፣ ለዘመናት ተጠብቆ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይከለላል፤ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። የቤት ክዳኑም ገመዱም ከዚያው ነው። ታዲያ የጠበቀው የተመረጠው አለቃ ብቻ አልነበረም። ባለ ድርሻው ሁሉ ይጠብቅ ነበር። ምክንያቱም ደንቡ የራሱ ነው፤ ሲከፈትም ያጭዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሣሩ ተራቆተ። ያኔ የሰዉ ዓይን አልጠፋም። ያለጊዜው የሚያጭደውን ሁሉ ያይ ነበር። ያጣው ውሳኔውን ነው።

የቀበሌ ፖሊስም እንደዚያ አለቃ ነው። ደንቡ የነዋሪው ከሆነ ብቻውን አይቆምም። ደንቡ ከላይ የወረደ ከሆነ ግን መቶ ጠቋሚ ቢኖረውም ብቻውን ነው።

አንድ ጊዜ ለሥልጠና መንዝ ውስጥ ወዳለ አንድ ቀበሌ ሄጄ ነበር። በግ ይሰረቃል። ሰዉ ዛፍ ሥር ተሰብስቧል። ፖሊሱ ተነሥቶ «ሌባውን የምታውቁ ተናገሩ» አለ። ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። ማን ይናገራል? ሌባው የአንዱ አማች፣ የሌላው ክርስትና ልጅ ነው። ጥያቄውን ቀየርነው። «በጉ የሚሰረቀው መቼ ነው?» አንዲት እናት ከኋላ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «የገበያ ዋዜማ ነዋ! ሌሊት ይነዳል፤ ጠዋት ይሸጣል» አሉ። ከዚያ የሰዉ አፍ ተፈታ። ዋስ ከሌለው ሻጭ ማንም በግ እንዳይገዛ ተስማሙ። ፖሊሱም በገበያ ቀን ጎሕ ሲቀድ መግቢያው ላይ እንዲቆም ተነገረው። ተነገረው ነው ያልኩት። የማንም ስም አልተጠራም።

የጓሳው ምሳሌ እዚህ ላይ ያልቅብኛል። ጓሳ ሣር ነው፤ ተጠርጣሪ ግን ሰው ነው። አንዳንዶች «ድሮ አውጫጭኝ ነበረን፤ እሱን እንመልስ» ይላሉ። አውጫጭኝ አገሬውን ሰብስቦ ጥፋተኛውን የማውጣት የድሮ ልማድ ነው። አብሮ መቀመጡ ጥሩ ነው። ነገር ግን በአውጫጭኝ ሰዉ ጥፋተኛው እስኪወጣ ተይዞ ይቆይ ነበር፤ ካልወጣም አገሩ በሙሉ ይከፍላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ነው ይላል። ጎረቤት በጎረቤቱ ጥፋት አይቀጣም።

ሚሊሻ ማስታጠቅም ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አይደለም። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50 ማንም ሰው ቢያንስ ሦስት ወር የሚያሳስር ወንጀል ሲሠራ እጅ ከፍንጅ ያገኘውን መያዝ ይችላል። ከያዘ በኋላ ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። መምታትና ማሰር የሚል የለውም። ፖሊስም ቢሆን በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። ተኩስ ባለበት ቀበሌ ደግሞ ይህን ሁሉ ለመሥራት መጀመሪያ ሰዉ ሳይፈራ መሰብሰብ መቻል አለበት።

ሽምግልናንም አብሬ ላንሣ፤ ብዙ ጊዜ ይቀላቀላል። የወሰን ጠብ፣ የቤተሰብ ኩርፊያ በሽማግሌ ቢያልቅ ደስ ይለኛል። ጠለፋና መድፈር ግን በሽማግሌ አይዘጋም። «ተስማምተዋል» የሚል ወረቀት ይዘው የመጡ አባቶችን አይቻለሁ። ልጅቷን የጠየቃት አልነበረም። የነዋሪው ውሳኔ ስንል የወንድ ጎረምሳና የአባወራ ብቻ ከሆነ ግማሹ ነዋሪ ገና አልተጠየቀም። የገበያ ዋዜማውን የነገሩን እናትም ከወንዶቹ ጀርባ ነበር የተቀመጡት።