ላክቴዝ ምንድን ነው? ወተት ለአንዱ ተስማምቶ ሌላውን የሚነፋው ለምንድን ነው?

«ወተት አይስማማኝም» የሚል ሰው ከየቤቱ አይጠፋም። አንድ ማኪያቶ ጠጥቶ ሆዱ ይነፋል፣ ይጮህበታል፣ አንዳንዴም ያስቀምጠዋል። ያየው ሁሉ «ጨጓራህ ነው» ይለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ያለው ከጨጓራ ወረድ ብሎ፣ ትንሹ አንጀት ላይ ነው።

ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ላክቶስ እንዳለ ወደ ደም አይገባም፤ መጀመሪያ ግሉኮስና ጋላክቶስ ወደሚባሉ ትንንሽ ስኳሮች መከፈል አለበት። የሚከፍለው ላክቴዝ ነው፤ የትንሹ አንጀት ግድግዳ የሚያመርተው ኢንዛይም። ላክቴዝ ሲያንስ ስኳሩ እንዳለ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፣ ጋዝ ይፈጠራል፣ ስኳሩም ውሃ ወደ አንጀት ይስባል። የቀረውን የደረሰበት ያውቀዋል። (የወተት አለርጂ ሌላ ነው። እሱ የሰውነት መከላከያ በወተት ፕሮቲን ላይ ሲነሳ የሚመጣ ነው፤ አንዳንዴም አደገኛ ነው።)

ታዲያ ወተት የማይስማማው ሰው ምን ጎደለው? ምንም። ሕፃናት ከስንት አንዱ በቀር ላክቴዝ ይዘው ይወለዳሉ። ጡት ከጣሉ በኋላ ምርቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በሌሎች አጥቢ እንስሳትም እንዲሁ ነው። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ይህንኑ የጥንት መንገድ ይከተላሉ። ከመስመር ወጣ ያሉት ወተት እንደ ልባቸው የሚጠጡት ናቸው።

እነሱ የጂን ለውጥ አላቸው። የላክቴዝ ጂን ራሱ አልተነካም፤ የተለወጠው አቅራቢያው ያለ፣ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚያዘው የዲኤንኤ ክፍል ነው። ዲኤንኤ ከተጻፈባቸው ኬሚካዊ «ፊደሎች» አንዷ ስትቀየር ላክቴዝ ዕድሜ ልክ ሳይጠፋ ይቀራል። አውሮፓ ውስጥ የተስፋፋው ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2002 በፊንላንድ ቤተሰቦች ላይ በተደረገ ጥናት ታወቀ። በ2007 ደግሞ የጂን ተመራማሪዋ ሳራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቿ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ሱዳን ውስጥ ሌሎች ሦስት ለውጦችን አሳወቁ። ወደ እኛ አገር ሲመጣ አንድ ለውጥ ብቻውን አልነገሠም፤ የተለያዩ ለውጦች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ተራርቀው የኖሩ ከብትና ግመል አርቢዎች፣ በየራሳቸው መንገድ ሄደው አንድ ቦታ ደረሱ ማለት ነው።

ዝግመተ ለውጥ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የድንቅነሽ አጥንት ነው። ይሄኛው ግን በዚያ ሚዛን የትናንት ወሬ ነው። ሰው ከብት ማላመድ የጀመረው ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። መጀመሪያ ልማዱ መጣ፣ ሰውነት ኋላ ተከተለ። «ባህል ሌላ፣ ተፈጥሮ ሌላ» ለሚሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። በ2022 የወጣ ሰፊ ጥናት የጥንት ሸክላ ላይ የቀረ የወተት ስብ መርምሮ ነበር። አውሮፓውያን የጂን ለውጡ ከመስፋፋቱ በፊት ለሺህ ዓመታት ወተት ይጠቀሙ ነበር። ታዲያ ለውጡን ምን አስፋፋው? አጥኚዎቹ ረሃብንና በሽታን ይጠረጥራሉ። በደህና ጊዜ ሆድ ቢነፋ ችግር የለውም። ሰውነቱ በረሃብ የተጎዳ ሰው ላይ ግን ተቅማጥ ሊገድል ይችላል።

ለውጡ እስኪስፋፋ ድረስስ ወተት መጠቀም እንዴት ተቻለ? አንዱ መልስ ጓዳ ውስጥ ነው። ወተት ሲረጋ ባክቴሪያዎች ከላክቶሱ ከፊሉን ወደ አሲድ ይቀይሩታል። ቅቤ ላይ የሚቀረው እዚህ ግባ አይባልም። አሬራው ሞቆ አይብ ሲሆን ደግሞ አብዛኛው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ሞንጎልያውያን ብዙዎቹ የጂን ለውጡ ሳይኖራቸው በወተት ተዋጽኦ የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው።

ስለዚህ ወተት የማይስማማው ሰው እርጎና አይብ መሞከር ይችላል። ትንሽ ወተት ከምግብ ጋር ሲሆን ብዙዎች ይችሉታል። ችግሩ ከከባድ ተቅማጥ በኋላ በድንገት የጀመረ ከሆነ ግን የአንጀት ግድግዳ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ላክቴዝ የሚቀንሰው ለጊዜው ነው፤ አንጀት ሲያገግም አብሮ ይመለሳል። ካልተመለሰ ሐኪም ማየት ነው።