የወንድ ልብስ ስንገዛ የምናምናቸው ነገሮች እና እውነታው

ጥር ሲመጣ ጎጃም ሰርግ በሰርግ ነው፣ ሚዜ ነህ የተባለ ሁሉ ባህርዳርም ይሁን ማርቆስ ሱቅ ለሱቅ መዞር ይጀምራል። እና ወንድ ልጅ ልብስ ሲገዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማርኩን ያነባል፣ መስታወት ፊት አንዴ ዞር ይላል፣ ትንሽ ያስቀንስና ከፍሎ ይወጣል። ገልብጦ ውስጡን የሚያይ የለም። ብሩ የሚበላው እዛ ጋ ነው እንጂ ውድ ነገር በመግዛት ብቻ አይደለም።

"የቱርክ ነው ከተባለ አለቀ"

አላለቀም። ቱርክ ምርጡንም ተራውንም ትሰራለች፣ ማርክ ደግሞ ማንም አሳትሞ ይሰፋዋል። የምታየው ኮሌታው ላይ ያለውን ትልቁን ስም ሳይሆን ውስጥ በጎን በኩል የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ነው፣ ጥጡ ስንት ፐርሰንት፣ ሱፉ ስንት፣ ፖሊስተሩ ስንት የሚለው እዛ ላይ ነው የሚጻፈው። እሷ ከሌለች ወይ ካላመንካት ከሱሪው እጥፋት ውስጥ አንዲት ክር መዘህ ውጭ ወጥተህ በላይተር ለኩሳት፦ ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ልስልስ አመድ ይሆናል። እውነተኛ ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቀው ቶሎ ይጠፋል። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጠጠር ነገር ይሆናል። ድብልቅ ከሆነ ደግሞ የሁለቱንም ታያለህ። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ፣ ብሩ ያንተ ነው።

ፖሊስተር መጥፎ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። አይጨማደድም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ዋጋውም ይቀላል። ችግሩ ላብ አያስወጣም፣ ትኩስ ካውያም ሲነካው ያብለጨልጫል (ስስ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁበት ተኩሱት)። ባህርዳር ላይ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ሙሉ ፖሊስተር ኮት ለብሶ ድንኳን ውስጥ መዋል ስቃይ ነው፣ እንጅባራ ወይ ማርቆስ ብርዱ ላይ ግን ያው ኮት ምንም አይልህም። ስለዚህ የት ነው የምለብሰው የሚለው ከየት ነው የመጣው ከሚለው ይቀድማል። የሚገርመኝ ባህርዳር ላይ ከ1950ዎቹ ዓ.ም ጀምሮ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ አለ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥም ራሱን የቻለ የጨርቃጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፣ እኛ ግን እስካሁን ጨርቅ የምንለየው በሻጭ ወሬ ነው።

"ሚዜ ከሆንክ አዲስ ሙሉ ልብስ ግድ ነው"

ማን ነው ግድ ያለው? በለው 9 ሺህ ብር አውጥተህ ገዛህና ሶስቴ ብቻ ለበስከው፣ አንዷ ቀን 3 ሺህ ብር ወጣባት ማለት ነው። ሙሽሮቹ የመረጡት ከለር ደማቅ ቀይ ወይ የሚያብረቀርቅ ነገር ከሆነ ደግሞ ከሰርጉ በኋላ ለቢሮም ለለቅሶም አይሆንህም፣ እንዲህ አይነቱን ተከራየው። መግዛት ካለብህ ጥቁር ሰማያዊ ወይ ጠቆር ያለ ግራጫ ግዛ፣ ቅዳሜ ለሰርግ የለበስከውን ሰኞ ኮቱን ብቻ ከጂንስ ጋር ትደግመዋለህ፣ ማንም አያውቅብህም።

ሌላው፣ "ሰፋ ቢል ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል" የሚሉት ነገር ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የሱሪ ርዝመት፣ ወገብ፣ የኮት እጅጌ፣ የጎን ስፋት ይስተካከላል፣ ብዙም አያስከፍልም። ትከሻው ግን ከትከሻህ ካለፈ እርሳው፣ እሱን ማስተካከል ኮቱን ፈቶ እንደገና መስፋት ነው፣ የሚችለውም ልብስ ሰፊ ጥቂት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ትከሻውን እይ፣ ቀጥሎ ሱሪውን ገልብጥና ስፌቱ ጋ የተረፈ ጨርቅ አለው ወይ የሚለውን እይ፣ ትርፍ ከሌለው ወፈር ስትል ማስፋት አይቻልም። ውዱን ኮት ሰፍቶህ ከምትለብስ ርካሹን በልክህ አስጠብበህ ብትለብስ ይሻላል፣ እኔ በዚህ አልከራከርም።

እና እባካችሁ እጅጌው ላይ ያለችውን ማርክ ቁረጧት! እሷ እኮ ሱቅ ውስጥ እንድትታይ እንጂ ሰርግ ላይ እንድትታይ አይደለም የተሰፋችው። ከኋላ የኮቱን ስንጥቅ የያዘችው የኤክስ ቅርጽ ክርም እንደዛው፣ ልብሱ ሲጓጓዝ እንዳይበላሽ ነው፣ ትፈታለች። ስንቱን ሚዜ ነው በቪዲዮ እንደታሰረ ያየሁት።

"ጄንዊን ሌዘር የሚል ማህተም ካለው ኦሪጅናል ቆዳ ነው"

ማህተም ማተም ከባድ ስራ አይደለም። ቆዳ ነው ቢባል እንኳን ደረጃው ብዙ ነው፣ ያ ጽሁፍ ምርጡ ነው ማለት አይደለም። የቀበቶውን የተቆረጠ ጠርዝ እይ፣ ጀርባው ጭረት ጭረት ያለው ሻካራ ነገር ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው፣ ላዩ ስስ ፕላስቲክ ሆኖ ስሩ ጨርቅ ከሆነ ግን ቶሎ ይላጣል። ጫማ ላይ ደግሞ ሶሉ በሙጫ ብቻ ነው ወይስ በክር ተሰፍቷል የሚለውን እይ፣ አንዳንዱ የይስሙላ ስፌት ያትማል፣ በጥፍርህ ስትነካው ክሩ ክር ካልሆነ ተነቃ።

የኛ አገር ክረምት ደግሞ የጫማ ጠላት ነው፣ ጭቃው እንዳለ ሆኖ የሚብሰው እኛ የምንሰራው ነው፣ የራሰውን ጫማ ከሰል ዳር አስቀምጦ ማድረቅ። ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ሙጫውም ይለቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቀህበት ጥላ ላይ ተወው፣ ደርቆ ሲያልቅ ነው ቀለም የሚቀባው። ሁለት ጫማ ካለህ እያፈራረቅክ አድርግ፣ በየቀኑ ከሚደረግ አንድ ውድ ጫማ ይልቅ ሁለቱ አብረው ብዙ ይቆያሉ፣ ላቡ የሚደርቅበት ቀን ስለሚያገኝ ነው።

"ልባሽ የሚለብሰው የቸገረው ነው"

ኧረ ተው። ቦንዳ ሲፈታ ቀድሞ የሚደርሰው ማን እንደሆነ እናውቃለን፣ ደህና ደሞዝ ያለውም አለበት። ጥሩ ጃኬት ይገኛል፣ ብብቱን፣ ኮሌታውን፣ የሱሪውን መቀመጫና ጉልበት ብርሃን ላይ ይዘህ አይተህ ሳስቶ ካልሆነ ግዛው፣ ቤት ስትደርስ በሙቅ ውሃ እጠበው። የውስጥ ልብስ ግን በፍጹም፣ ጫማም አልመክርም፣ የሌላ ሰው እግር ቅርጹን ይዞታል። ንግዱ ራሱ በአብዛኛው በኮንትሮባንድ የሚገባ መሆኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

"ጥቁር መነጽር ዓይን ይከላከላል"

ጥቁረቱ አይደለም የሚከላከለው። ዩቪ 400 የሚል፣ ማለትም የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚያግድ መከላከያ የሌለው ጥቁር መነጽር ከባዶ ዓይን ሊብስ ይችላል፣ ምክንያቱም ሲጨልም የዓይንህ ብሌን ይሰፋና ጎጂው ጨረር እንደልብ ይገባል። ሰዓት ላይ ደግሞ ረጅም ወሬ የለኝም፣ የታወቀ ስም ያለበት ኮፒ ከመግዛት በራሱ ስም የተሸጠ ተራ የባትሪ ሰዓት ይሻላል። ከ1989 እ.ኤ.አ ጀምሮ የሚሰራው ያ ትንሹ የካሲዮ ኤፍ 91 ዳብሊው ባትሪው እስከ 7 ዓመት እንዲቆይ ነው የተሰራው፣ ኮፒው ሮሌክስ ስንት ወር እንደሚሄድ እናንተው ታውቃላችሁ።

"ጋቢ ከወፈረ ጥሩ ነው"

ለአባቱ ለፋሲካ ጋቢ የሚገዛ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ውፍረቱ ከወፍራም ክርም ሊመጣ ይችላል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ እና ጥሩው የሚታወቀው ማጉ የእጅ ፈትል ሲሆን፣ ሽመናው ብርሃን ላይ ሲያዙት እዚም እዚያም ሳስቶ ካልታየ ነው። አሁን አሁን ሰው ሰራሽ ክር የተቀላቀለበትም ይሸጣል፣ ሲነኩት ያንሸራትታል፣ ከዘርፉ አንዲት ክር ብትለኩስ እንደ ፖሊስተሩ ይቀልጣል። ብቻህን አትሂድ፣ እናትህን ወይ አክስትህን ይዘህ ሂድ፣ በእጇ ፈትላ የምታውቅ ሴት በሁለት ጣት አሸት አድርጋ ዋጋውን ከሻጩ ቀድማ ትነግርሃለች። ከገዛህ በኋላ በረኪና እንዳታስነካው፣ ነጭ ያደርገዋል ተብሎ ክሩን ያሳሳዋል፣ ጥለት ካለውም ከለሩን ያበላሸዋል፣ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና በቂ ነው።