ሽርክና ምንድን ነው? ስልክ መደወል ግን አይደለም

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ አንድ የንግድ ሥልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። አሠልጣኙ ወጣት ነው፤ አፉ ይቀናዋል። «ለማታውቁት ሰው ደውሉ» አለ። «ስልኩን ባነሳላችሁ ደቂቃ ሸሪክ አገኛችሁ ማለት ነው።» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ጠበቃ ነኝ፤ በንግድ ክርክር መቆም ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። «ሸሪኬ ካደኝ» ብሎ ቢሮዬ ከሚገባው ሰው ብዙው ሸሪክ ኖሮት አያውቅም። የነበረው ደንበኛ ነው፤ ወይ ደላላ፣ ወይ አበዳሪ። የቀረው ደግሞ ይብሳል፤ ሸሪክ ሆኖ ሳለ አላወቀም።

ደውሉ በማለቱ ጠብ የለኝም። ጎጃም ያመርታል። የቡሬ በርበሬና በቆሎ፣ የቢቸና ጤፍ፣ የአዊ ድንች አለ። ብዙው ገዥ ግን ከአባይ በረሃ ማዶ ነው። ያለ ዘመድ፣ ያለ አማላጅ መደወል ደግሞ ድፍረት ይጠይቃል፤ «ስልኬን ማን ሰጠህ?» ቀድሞ ይመጣላ። ይሁን፣ ደውሉ። ያገኛችሁት ግን ሰው ነው እንጂ ሸሪክ አይደለም።

ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ነገሩ መጋራት ነው። የሕጉም ትርጉም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሰዎች አንድ ሥራ አብረው ለመሥራት መዋጮ ያደርጋሉ፤ ትርፉንም ኪሳራውንም ይካፈላሉ። ሰው ሁሉ «ትርፉን» ሲሰማ ማዳመጥ ያቆማል። እኔ የምጨቃጨቀው ቀጥላ ስለምትመጣው ቃል ነው።

የገጠር ልጅ ነኝና በበሬ ላስረዳ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ጥማድ የለውም። ስለዚህ እንደሱ አንድ በሬ ያለው ፈልጎ ይቀናጃል፤ መቀናጆ የምንለው ነው። ሲመርጥ ቀድሞ የሚያየው የሰውየውን ፈገግታ አይደለም፤ በሬውን ነው። ቁመታቸው ይመጣጠናል? እርምጃቸው ይስማማል? የለመደው ቀኝ ነው ግራ? ከዚያ ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን። ጭዱን ማን ያቀርባል? በሬው እግሩ ቢሰበርስ? ይህ ሁሉ ቀንበሩ አንገት ላይ ሳያርፍ ይነገራል። በኛ ቋንቋ ቀንበሩ ውሉ ነው። እርፉን የጨበጠው ሥራ አስኪያጁ ነው። ጅራፉ... ጅራፉን ልተወው።

አሁን ደግሞ ራሴን ልቃወም፤ ካልተቃወምኩ አንድ የሙያ ባልደረባዬ ይደውልልኛል። መቀናጆ በሕግ ዓይን ሽርክና አይደለም። ሁለቱ የሚጋሩት ጉልበት ነው፤ አዝመራውን እያንዳንዱ ወደየጎተራው ያስገባል። በረዶ ያንዱን ማሳ ቢመታ ሌላው አይነካውም። አንዱ መሬቱን ሌላው ጉልበቱን የሚያዋጣበት የእኩል እርሻ ይሻላል፤ እዚያ ምርቱ ሲጠፋ ለሁለቱም ይጠፋል። እሱም ቢሆን የመሬት ሕግ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ቢሆንም ከበሬው አንድ ነገር ያዙልኝ። ጥያቄው ከመጠመዱ በፊት ነው።

ወደ ስልኩ ልመለስ። አንድ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ የተፈጨ በርበሬ እሽግ ላይ ባየው ቁጥር አዲስ አበባ ደወለ። ያነሱት አንዲት የባልትና ባለቤት ናቸው። አያውቁትም። «ናሙና ላክ» አሉት። 5 ኪሎ ዛላ በአውቶቡስ ላከ። «ቀለሙ ጥሩ ነው፤ ውሃ ግን አርከፍክፈህበታል» አሉ። አልካደም። በሚቀጥለው ደረቁን ላከ፤ 2 ኩንታል፣ እጅ በእጅ። እስከዚህ ድረስ ሻጭና ገዥ ናቸው። በዓመቱ በዱቤ ሰጣቸው። መተማመን አደገ፤ በሕግ ግን ባለገንዘብና ባለዕዳ ናቸው። «ወዳጄ» ይበላቸው፣ መብቱ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ሴትዮዋ ገንዘብ ላኩ። ከሥሩ መልእክት አለ፦ «በርበሬው ሲረክስ ግዛልን። ክረምት እንሸጠዋለን። እኩል።»

ግዛልኝ አላሉም፤ ግዛልን። አንዲት ፊደል ናት። በ«ኝ» ቢሆን ኖሮ እሱ ገዝቶ የሚያቀብል ወኪል ነው፤ በርበሬው የሳቸው፣ ለሱ የድካሙ። በ«ን» ግን በርበሬው የሁለቱ ሆነ። እሱም የራሱን ገንዘብ ጨመረ፣ መጋዘኑን ሰጠ። ማኅተም የለ፣ ምስክር የለ።

ሰኔ ላይ መጋዘኑ አፈሰሰ። በርበሬው ሻገተ።

ያኔ ነው ሁሉም ስሙን የሚቀይረው። ሴትዮዋ «ያበደርኩህን መልስ» አሉ። እሱ «መዋጮዎ ነው እንጂ ብድር አይደለም» አለ። ይህን ክርክር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ሲተርፍ ሁሉም ሸሪክ ነው፤ ሲከስር ሁሉም አበዳሪ። ሳልጠየቅ ልጨምር፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት (ተከሳሹ ራሱ «አዎ» ሲል) ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። ያኔ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ስንት ኪሎ ዛላ እንደሚገዛ ለናንተ አልነግርም።

«ወረቀት ከሌለ ሽርክና የለም» የሚለኝም አለ። ተሳስቷል። በስሙ የሚቋቋም፣ የራሱ የሕግ ሰውነት ያለው (በራሱ ስም የሚከስ፣ የሚከሰስ) ማኅበር ከፈለጋችሁ አዎ፣ ይጻፋል፣ ይመዘገባል፤ አሁን የሚገዛን የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው። እዚያ የኅብረት ሽርክና ከመረጣችሁ ሸሪካችሁ የገባበት የማኅበሩ ዕዳ እናንተ ቤት ድረስ ሊመጣ ይችላል። ሕጉ ግን የእሽሙር ማኅበር የሚለውም አለው። በሸሪኮቹ መካከል ብቻ ያለ ነው፤ ለውጭ ሰው አይታወቅም፤ የሕግ ሰውነት የለውም። ውጭ ያለው የሚያውቀው ፊት ለፊት የሚነግደውን ብቻ ነው። የኛ ነጋዴ ስሙን ሳይሰማ ስንት ዘመን በእሽሙር ኖሯል። (ገንዘቡ የትዳር ከሆነ ደግሞ ባል ወይም ሚስት ይወቁት። ስንቱን ፋይል ያወፈረችው የማታውቅ ሚስት ናት።)

ነጋዴው ቢሮዬ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። ዝናብ ጠጥቷል፤ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎታል። ስልኩን አውጥቶ መልእክቱን አሳየኝ። ሁለቴ አነበብኩት።

«ጋሼ፣ እንግዲህ እኔና እሳቸው ምንድን ነን?»

«ሸሪኮች ናችሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከኅዳር።»

ዝም አለ። ከዚያ እዚያው ደወለላቸው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። አስረዳኋቸው። ስለ ብድሩም፣ ስለ መዋጮውም፣ ስለዚያች ስለ «ን»ም። ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ አልመለሱም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን ተያየን።

«እንግዲያው ግማሹ ሻጋታ የኔ ነው በለኛ» አሉ።