ያገለገለ መኪና ከመግዛት በፊት ማስመርመር፦ ድሬዳዋ ላይ የሚባለውና እውነታው

ድሬ ላይ መኪና የሚገዛ ሰው በዋጋው ሳምንት ሙሉ ይከራከርና ወደ ምርመራው ሲመጣ «ተወው፣ ደህና ነው» ይላል። ለዚህ የሚቀርቡትን ምክንያቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ለመካኒክ የሚከፈል ብር ባካና ነው»

ይህን የሚለው ሰው ለደላላ ሲሆን አያቅማማም። ሁለት ከመቶ ከተስማማ፣ በአንድ ሚሊዮን ብር መኪና 20,000 ብር ቆጥሮ ይሰጣል። የመካኒክ ሂሳብ እንደ ሥራው ይለያያል፤ ኮፈን ከፍቶ ድምፅ የሚሰማ፣ ጉድጓድ ላይ አውጥቶ ከሥር የሚያይና ኮምፕሬሽን (የሞተሩን የመጭመቅ ኃይል) የሚለካ እኩል አያስከፍሉም። ስለዚህ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ምን ታያለህ?» በሉት። ሂሳቡም መኪናው ተገዛም ቀረም የሚከፈል ይሁን። «ስትገዛ ትሰጠኛለህ» የሚል መካኒክ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሁለተኛ ደላላ ነው። የተገኘውን ጉድለት በወረቀት ካስጻፋችሁ ደግሞ ለዋጋ ድርድሩ መያዣ ይሆናችኋል።

«ደላላው የሚያውቀው መካኒክ በነጻ ያይልኛል»

ሽያጩ ከፈረሰ መካኒኩም እንደ ደላላው ባዶ እጁን ይሄዳል። ሌላ ምን ይባላል።

«ቦሎ አለው፣ ተመርምሯል»

ዓመታዊው ምርመራ መኪናው መንገድ ላይ ለሰው አደጋ እንዳይሆን ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ ጎማውንና ጭሱን የሚያይ ነው። ሞተሩ ስንቴ እንደተፈታ፣ ከስቱኮው (ከቀለም በፊት ከሚለጠፈው መሙያ) ሥር ያለው ላሜራ ምን እንደሚመስል አይነግራችሁም።

«ከተማውን ዞርኩበት፣ ምንም አላለኝም»

የከተማው ሰፈር ከዚራ ሜዳ ነው፤ ሜዳ ላይ የማይሄድ መኪና የለም። በዚያ ላይ ሻጩ መኪናውን ከሰዓት አሙቆ ካመጣው የድሬ ፀሐይም ታግዘዋለች። በሞቀ ሞተር ላይ የማስነሳት ችግር ይደበቃል። በጠዋት ሂዱ፣ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳብሱ፤ ከሞቀ ቀድሞ ተነስቷልና ሌላ ቀን ተመለሱ። ከቀዘቀዘ አስነሱትና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጋ ቁሙ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቆመ የራዲያተር ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ወደ ሐረር መንገድ፣ የደንገጎን ዳገት ውጡ። ነዳጁን እናንተ ሙሉ፣ ሻጩ አይከፋውም። ዳገቱ ላይ የሙቀት መለኪያው ከመካከል አልፎ ከወጣ ማቀዝቀዣው ላይ ችግር ሊኖር ይችላል። ነዳጅ ስትሰጡት ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ኃይል ለማርሹ የሚያስተላልፈው) አልቋል። ስትወርዱ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ወይም ማርሽ ከገባበት ራሱ የሚወጣ ከሆነ አስመዝግቡ። ይህን ጉዞ አልፈቅድም የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

«ኪሎሜትሩ ትንሽ ነው»

ቁጥሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፔዳሉ ላስቲክና የመሪው ልባስ ማለቅ አለማለቃቸውን እዩ። ጎማው ጎን ላይ የተመረተበት ቀን አለ፦ መጨረሻው 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጎማው ከመኪናው በኋላ የተመረተ ከሆነ ተቀይሯል፤ ኪሎሜትሩ ትንሽ ከሆነ ለምን ተቀየረ ብላችሁ ጠይቁ።

«ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ውስጡም ንጹሕ ነው»

ከተማውን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ የምታውቁ ይህን በቀላሉ አትመኑ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ነጥቆናል፤ ጎርፍ ለዚህ ከተማ እንግዳ አይደለም። ውሃ የገባበት መኪና ታጥቦና ተቀብቶ ያምራል፤ ገመዶቹ ውስጥ ለውስጥ እየዛጉ ከወራት በኋላ መብራቱ፣ መስኮቱ፣ ማስነሻው በየተራ እምቢ ይላሉ። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትቱት። አጣቢ ብዙ ጊዜ እዚያ ድረስ አይደርስም፤ የደረቀ ጭቃ ወይም የውሃ መስመር ካያችሁ ወጥታችሁ ሂዱ። ምንጣፉን ገልጣችሁም የወንበሩን ብሎን ዝገት እዩ።

«ችግር ቢኖርበት ሕግ አለ»

አለ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ስለ ጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል። ገዢው ያወቀውን፣ ወይም ከባድ ቸልተኛ ባይሆን ኖሮ ሊያየው የሚችለውን ጉድለት ግን አይጨምርም። ስለዚህ የመካኒኩን ዝርዝር ይዛችሁ ተደራደሩ፣ ሻጩ ያረጋገጠላችሁን ነገር ውሉ ላይ አስጽፉ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መመሳከሩ፣ መኪናው እዳና እገዳ ያለበት መሆን አለመሆኑ መካኒኩን አይመለከትም፤ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት መኪናው የተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ራሳችሁ ቀርባችሁ አጣሩ።