ኢሚነንት ዶሜይንን መገደብ ማለት ምንድን ነው?

ኢሚነንት ዶሜይን ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ካሳ ከፍሎ የሰው መሬት በግድ የመውሰድ ሥልጣን ነው። አሜሪካ ውስጥ የሃይቴንሽን መስመር ወሬ በተነሳ ቁጥር አንዱ ብድግ ይላል፦ «ኩባንያው የግል ነው፤ የሰው መሬት በግድ ሊወስድ? ይከልከል!» ሌላው ደግሞ «ሥልጣኑን መገደብ መብራት ማጥፋት ነው» ይላል። ሁለቱም ስተዋል።

የግል መሆን ለብቻው ችግር ሆኖ አያውቅም። አብዛኛው አሜሪካዊ መብራት የሚያገኘው ከአክሲዮን ኩባንያ ነው፤ እነዚህም ሥልጣኑን ከያዙ ቆይተዋል። ሕገ መንግሥቱ የሚጠይቀው የሕዝብ ጥቅምና ተገቢ ካሳ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ኬሎ በተባለው የቤት መወሰድ ክርክር፣ 5 ለ 4፣ የሕዝብ ጥቅምን ትርጉም ሰፋ አድርጎ ተቀበለው። ስቴቶች ግን ማጥበብ ይችላሉ አለ።

የአምቡላንስ ሳይረን አስቡ። አምቡላንሱ የግል ሊሆን ይችላል፤ መንገድ የምንለቀው ግን ውስጥ ላለው በሽተኛ ብለን ነው። መደበኛው የመብራት ድርጅት በሽተኛውን ጭኗል፦ በክልሉ ያለውን ሁሉ የማገልገል ግዴታ አለበት፣ ታሪፉም ቁጥጥር ይደረግበታል። በራሱ ገንዘብ መስመር ዘርግቶ ለሚከፍለው ኃይል የሚያስተላልፍ ነጋዴ ግን እንዲህ ዓይነት ግዴታ የለበትም። «በሽተኛውን መንገድ ላይ አገኛለሁ፣ ሳይረኑን ግን አሁኑኑ ስጡኝ» እንደማለት ነው። መገደብ ሳይረን መንቀል አይደለም። ማን፣ መቼ፣ እስከ መቼ ያብራው ነው ጥያቄው።

የሚዙሪ ስቴት በ2022 ያወጣችው ሕግ ይኸው ነው። የእርሻ መሬት ካሳ የገበያ ዋጋው 150 በመቶ ሆነ። በ7 ዓመት ውስጥ ለፕሮጀክቱ የገንዘብ ምንጭ ካልተገኘ ደግሞ መስመሩ በመሬቱ ላይ የሚያልፍበት መብት ለባለመሬቱ ይመለሳል፤ ሳይረን አብርቶ ቆሞ ማደር ቀረ። ሕጉ ከዚያ ዓመት ኦገስት 28 በፊት ማመልከቻ ያስገቡትን ግን አይነካም። ብዙ ጩኸት ያስነሳው ግሬን ቤልት ኤክስፕረስ የተባለው የሃይቴንሽን መስመር ፕሮጀክት ከሚዙሪ ፈቃድ ያገኘው በ2019 ነው። እሱን እየጠቀሰ «ሕጉ ምን ፈየደ?» የሚል ሰው ሕጉን አላነበበም።

እንጀራዬ የንብረት ግመታ ስለሆነ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። 150 በመቶ፣ የምኑ? ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው ገመዱ በሚያልፍበት ጠባብ ቁራጭ ላይ ያለ የመጠቀም መብት ነው። ገበሬው ከሥሩ ያርሳል። ጣጣው ምሰሶው ጋ ነው። ትራክተሩ ይዞረዋል። የመድኃኒት መርጫው ክንድ በእግሮቹ መሃል አይገባም፤ አረም እዚያ ይፈላል። በክብ የሚሽከረከረው የመስኖ ቧንቧ መንገዱ ላይ ምሰሶ ከገጠመው ደግሞ ከዚያ ወዲያ ያለው ማሳ ውኃ አያገኝም። ይህ የቀሪው መሬት ጉዳት ነው። ለብቻው ካልተገመተ፣ መቶኛው 150 ይሁን 200 ከዚያች ቁራጭ አይወጣም።